የቃሪያ ችግኝ ቅጠል ሲበላሽ፦ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት ምክንያቱን የመለያ መመሪያ

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። የአንዲት ቢጫ ቅጠል ፎቶ ይላክልኛል፤ ከሥሩ «ምን ልስጣት?» ተብሎ ተጽፏል። መልሴም አይለወጥም፦ ለጊዜው ምንም አይስጧት፤ መጀመሪያ ኩባያውን አንሥተው ከበድ ወይም ቀለል ማለቱን ይንገሩኝ። በዚህ መልስ ቅር የሚላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በመስኮት ዳር በኩባያ የሚያድግ ቃሪያ ቅጠሉ ሲታመም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ታች፣ አፈሩና ሥሩ ዘንድ ነው። ሥሩ በታመመ ችግኝ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ደግሞ የቆሰለ ቦታ ላይ ጨው እንደ መነስነስ ነው።

ይህ መመሪያ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ 6 ወይም 8 ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ በቤት ውስጥ ላለ የቃሪያ ወይም የበርበሬ ችግኝ የተዘጋጀ ነው። ለቲማቲም ችግኝም በአብዛኛው ይሠራል። በብዛት የሚያጋጥመውንና በቀላሉ የሚጣራውን ከፊት ስላስቀደምኩ ደረጃዎቹን ሳይዘሉ ይከተሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አጉሊ መነጽር። ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ቅጠሉን ከቅርብ ፎቶ አንሥተው ምስሉን ያጉሉት።
- አንድ ነጭ ወረቀት።
- ቀጭን የእንጨት ስንጥር።
- የክፍል ቴርሞሜትር።
- የውሃ መርጫ ጠርሙስ። አዲስ ወይም ከውሃ በቀር ምንም ያልነበረበት ይሁን፤ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።
- ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ።
- ችግኙ ካለበት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኩባያ፣ በደረቅ አፈር የተሞላ። ይህ መመዘኛዎ ነው።
- ደብተርና እስክርቢቶ።

መጀመሪያ፦ በሽታ ያልሆነውን ይለዩ

ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ጥቂት የማይባሉት የጤነኛ ችግኝ ፎቶዎች ናቸው። ዘሩ ሲበቅል መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ለስላሳና ሾጠጥ ያሉ ቅጠሎች የዘር ቅጠሎች ይባላሉ። ተግባራቸው ችግኙ የራሱን ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ መመገብ ነው። እውነተኞቹ ቅጠሎች 4 ወይም 6 ሲደርሱ የዘር ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። ችግኙ ገና ሁለት እውነተኛ ቅጠል ብቻ ይዞ ቢጫ ከሆኑ ግን ምርመራው ያስፈልጋል።

ግንዱና ቅጠሉ በሚገናኙባቸው አንጓዎች ላይ ሐምራዊ ቀለም መታየቱ በብዙ የቃሪያ ዝርያዎች የተለመደ ነው። ማታ ቅጠሎቹ ትንሽ ዘንበል ብለው ጠዋት ቀና ማለታቸውም አያስጨንቅም።

ደረጃ 1፦ ችግኙን ለይተው ፎቶ ያንሡት

የታመመውን ኩባያ ከሌሎቹ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ያርቁት። ተባይ ከሆነ ከቅጠል ወደ ቅጠል ተራምዶ ይሻገራል፤ ቅጠሎች ሲነካኩ ድልድይ ይሆኑለታል። ከዚያ በቀን ብርሃን ሦስት ፎቶ ያንሡ፦ አንዱ ሙሉውን ችግኝ፣ አንዱ የተጎዳውን ቅጠል ከላይ፣ አንዱ ያንኑ ቅጠል ከሥር። ቀኑንም በደብተርዎ ይጻፉ። ከአምስት ቀን በኋላ «ብሶበታል ወይስ ያው ነው?» የሚለውን የሚመልስልዎ ፎቶው እንጂ ትዝታዎ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ኩባያውን ያንሡ

ከምርመራው ሁሉ ዋናው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በአንድ እጅ የችግኙን ኩባያ፣ በሌላው ደረቁን መመዘኛ ይያዙ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ችግኙ ተጠምቷል። የችግኙ ኩባያ በግልጽ ከከበደ አፈሩ ውሃ አለው፤ ላዩ ደርቆ ቢታይ እንኳ። ከዚያ ስንጥሩን እስከ ኩባያው ግርጌ ሰክተው ትንሽ አቆይተው ይንቀሉት። ጭቃ ተጣብቆበት ከወጣ ታችኛው አፈር ርጥብ ነው።

ይህ ሁሉ ያስፈለገው ችግኝ ሲጠማም ውሃ ሲበዛበትም ስለሚጠወልግ ነው። ሥር እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ ችግኙ በውሃ ተከቦ ይጠማል። ባለቤቱም መጠውለጉን አይቶ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል።

ሁለቱን በጣት መለየት ይቻላል። የተጠማ ቅጠል የሳሳና ደረቅ ወረቀት የመሰለ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። ውሃ የበዛበት ቅጠል ልል ብሎ ቢንጠለጠልም ሲነኩት ወፈር ይላል፤ ቢጫነቱ ከታችኞቹ ቅጠሎች ይጀምራል፤ ውሃ ቢጨመር ለውጥ የለውም። አንዳንዴ ከቅጠሉ ሥር እንደ ትንንሽ አረፋ ያሉ እብጠቶች ይወጣሉ። እነዚህ የሚመጡት ሥሩ የሚልከው ውሃ ቅጠሉ ሊያስወጣው ከሚችለው ሲበልጥ፣ በተለይ ደመናማና ርጥበት በበዛባቸው ቀናት ነው። የተባይ እንቁላል የሚመስላቸው አሉ፤ በጥፍር ሲነካ እንቁላል ይነሣል፣ እብጠቱ ግን የቅጠሉ አካል ስለሆነ አይነሣም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ስድስት ኩባያ ቃሪያ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ጠጥተው ሲያበቁ በዚያው ስኒ ለእያንዳንዱ አንድ ስኒ ውሃ ያጠጡ ነበር። ስኒዋ ትንሽ ናት፤ የእርጎ ኩባያውም ትንሽ ነው። ከሥር ደግሞ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ኩባያውን ሳነሣው እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ዘንበል ሳደርገው በዳር በኩል ጠቆር ያለ ውሃ ፈሰሰ፤ ሽታው የረጋ ቦይ ነበር። በምስማር አምስት ቀዳዳ በስተን፣ ሳናጠጣ ዘጠኝ ቀን ቆየን። ከስድስቱ አራቱ ተርፈዋል።

ማስተካከያው፦ ኩባያው ሲቀል ብቻ፣ ውሃው ከሥር እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ላዩን ብቻ እያረሰ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ሥሩን ይመልከቱ

ኩባያው ከብዶ ችግኙ ከጠወለገ ይህን ደረጃ አይዝለሉ። የግራ እጅዎን ጣቶች ግንዱን በመካከል አድርገው አፈሩ ላይ ያሳርፉ፤ ኩባያውን ገልብጠው ከሥሩ መታ መታ ያድርጉት። አፈሩ እንዳለ ይወጣል። ግንዱን ይዘው አይጎትቱ፤ ቅጠል ቢቀደድ ይተካል፣ ግንድ ከተሰበረ ግን ነገሩ አበቃ።

ነጭ ወይም ክሬም መሳይ፣ ጠንከር ያለ ሥር ጤነኛ ነው፤ መልሰው ያስገቡት። ቡናማ፣ ልጥፍጥፍ ያለና ሲጎትቱት ልጡ ተገፍፎ እንደ ክር የሚቀር ሥር በስብሷል። ግማሹ ነጭ ከሆነ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስና ቀለል ባለ አፈር ይትከሉት። እኔ የምጠቀመው ድብልቅ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ አፈር ብቻውን ለኩባያ አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅም ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ችግኙ ከተጋደመ፣ ይህ ርጥበት በበዛበት አፈር የሚመጣ የሻጋታ ወገን በሽታ ነው። ያንን ችግኝ ማዳን አይቻልም። ነቅለው ከነአፈሩ ይጣሉት፤ ለቀሪዎቹ ውሃ ቀንሰው መስኮት ይክፈቱላቸው። ኩባያውን መልሰው የሚጠቀሙበት ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉትና በደንብ ያለቅልቁት።

ኩባያውን ሲነኩ ከአፈሩ ላይ ብር ብለው የሚነሡ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ካሉ አፈሩ ሁልጊዜ ርጥብ እንደሆነ ይነግሩዎታል። ትሎቻቸው የለጋ ችግኝ ሥር ይበላሉ። የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር አፈር እስኪደርቅ ውሃ ይከልክሉ፤ ከዚያ ላዩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ ያልብሱት፤ እንቁላል መጣያ ያጣሉ።

ደረጃ 4፦ ጉዳቱ የጀመረው ከታች ነው ወይስ ከጫፍ?

ውሃውና ሥሩ ደኅና ሆነው ከተገኙ አሁን የምግብ እጥረትን ማሰብ ይቻላል። ዋናው ጥያቄ የትኛው ቅጠል ቀድሞ ታመመ የሚለው ነው። ችግኝ ናይትሮጅንን፣ ማግኒዥየምንና ፖታሲየምን ከአሮጌ ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ መላክ ይችላል፤ ስለዚህ እነዚህ ሲጎድሉ የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ይጎዳሉ። ብረትንና ካልሲየምን ግን ከተቀመጡበት ማንሣት አይችልም፤ ሲጎድሉ ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ይታመማል።

- የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸውን ጨምሮ አንድ ወጥ ሆነው ከገረጡና እድገቱ ከቆመ፦ ናይትሮጅን።
- የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ከሆነ፦ ማግኒዥየም።
- የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ፦ ፖታሲየም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያን ይጠርጥሩ።
- የጫፍ ቅጠሎች ጅማት አረንጓዴ፣ መካከሉ ቢጫ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ ከሆነ፦ ብረት። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ አፈሩ ስለቀዘቀዘ፣ ስለረጠበ ወይም አመድ ስለበዛበት ሥሩ ማንሣት አቅቶት ነው።
- ለጋ ቅጠል ተጣሞ ጫፉ ከደረቀ፦ ካልሲየም፤ ይህም በአብዛኛው ውሃ አንዴ በጣም በዝቶ አንዴ በጣም ሲያንስ የሚመጣ ነው።
- ቅጠሉ ከሥር በኩል ሐምራዊ ከሆነ፦ ፎስፈረስ ይባላል፤ በቤት ውስጥ ግን ቅዝቃዜ ነው ብለው ቢጀምሩ ይሻላል። በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ሥር ፎስፈረስ መሳብ ይከብደዋል። ደረጃ 6ን ያንብቡ።

ናይትሮጅን ነው ብለው ካመኑ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ብቻ፣ አስቀድሞ በውሃ በረጠበ አፈር ላይ ይስጡ። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ የተሠራ እንጂ ለእርጎ ኩባያ አይደለም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ቆንጠር አድርጌ የነሰነስኩባቸው ሰባት ችግኞች በሦስተኛው ቀን ጠርዛቸው እንደ ሲጋራ ወረቀት ተቃጥሎ አገኘኋቸው። ማዳበሪያ በዝቶ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ቅርፊቱን ጠርገው፣ የኩባያውን ሦስት እጥፍ የሚሆን ውሃ ቀስ ብለው አሳልፈው ጨዉን ያጥቡት። ይህ የሚሠራው ኩባያው ቀዳዳ ካለው ነው።

ደረጃ 5፦ ቅጠሉን ገልብጡት

ተባይ ቀን ቀን የሚኖረው ከቅጠል ሥር ነው፤ ከላይ ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ነጩን ወረቀት ከቅጠሉ በታች ይዘው ቅጠሉን ሦስቴ መታ ያድርጉ፤ የወደቁት ነቁጦች መራመድ ከጀመሩ ምክንያቱን አገኙት።

ለጋ ቅጠሎች ተኮማትረው፣ ሲነኳቸው የሚያጣብቁ ከሆነ ክሽክሽ ይፈልጉ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆነው ለጋው ጫፍ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ጉንዳን በግንዱ ሽቅብ ሲመላለስ ካዩ ክሽክሹን ሳያዩም መገመት ይችላሉ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቅጠሉ ከላይ በመርፌ የተወጋ ይመስል በጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ከተሸፈነና ከሥሩ ቀጭን ድር ካለው ቀይ ሸረሪት ነው። ይህ ተባይ ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ቃሪያቸውን ከክፍል ማሞቂያ አጠገብ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን አብዝተው የሚያማርሩት እሱን ነው። ኩባያውን ሲያነቃንቁ እንደ ዱቄት ብን ብለው የሚበሩት ነጭ ዝንቦች ናቸው። ብርማ ጭረትና በአጠገቡ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቅጠል ደግሞ ትሪፕስ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ጎብኝቶታል።

ለአራቱም የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው። አፈሩን በላስቲክ ሸፍነው፣ ችግኙን አዘቅዝቀው ቅጠሉን ከሥር በለብታ ውሃ ይጠቡ። ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ብቻ ይሞክሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጎዳ ማታ ላይ ሙሉውን ይርጩ፤ የቅጠሉን ሥር አይርሱ፣ ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነውና። እንቁላሉ በሳሙና ስለማይሞት በየ4 ወይም 5 ቀኑ ሦስቴ ይድገሙት። ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ።

ቅጠሉ ደማቅና ፈዛዛ አረንጓዴ ተቀላቅሎበት ዝንጉርጉር ከሆነ፣ ተጨማዶም ካነሰ፣ ተባይም ካልተገኘበት ቫይረስ ይጠርጥሩ። መድኃኒት የለውም፤ ነቅለው ይጣሉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት መታጠብ አለበት፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ቃሪያንም ይይዛል፣ በጣትም ይተላለፋል።

ደረጃ 6፦ የቆመበትን ቦታ ይመርምሩ

ቃሪያ የሙቀት ተክል ነው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከ15 በታች እድገቱ ይቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ መስታወት አጠገብ ያለው ኩባያም ከክፍሉ ይልቅ ለውጭው ይቀርባል። ቴርሞሜትሩን ማታ ኩባያዎቹ መካከል አስቀምጠው ጎሕ ሲቀድ ያንብቡት። ከ15 በታች ካገኙ ማታ ማታ ችግኞቹን ወደ ክፍሉ መሃል፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርገው ያሳድሩ። የቧንቧ ውሃም አድሮ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ያጠጡ።

ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስኮት ከተሳበ ብርሃን አንሶታል። በየቀኑ ኩባያውን ሩብ ዙር ያዙሩት፤ መብራት ካለዎት ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩለት። የላይኞቹ ቅጠሎች ብቻ ከነጡና ጠርዛቸው ወደ ላይ ከተጠቀለለ መብራቱ ቀርቧል፤ እጅዎን በቅጠሉ ከፍታ ለግማሽ ደቂቃ ይያዙ፣ ከሞቀዎት ከፍ ያድርጉት።

ከቤት ወደ በረንዳ ባወጡት ማግሥት ቅጠሉ ላይ ነጭ፣ ደረቅ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ከወጣ ፀሐይ አቃጥሎታል። የደጋ ፀሐይ ለቤት ልጅ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት በጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ከሰል። በተዘጋ ክፍል ከሚነድ ከሰል የሚወጣ ጋዝ ቅጠልን ወደ ታች ያጥፋል፣ ያረግፋልም። ለሰውም አደገኛ ነው። ቡና የሚፈላበትና እጣን የሚጨስበት ጥግ የችግኝ ቦታ አይደለም።

ደረጃ 7፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ይጠብቁ

ውሃ ቀንሰው፣ ቦታ ቀይረው፣ ማዳበሪያም ሰጥተው ችግኙ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አያውቁም፤ ቢሞትም የትኛው እንደገደለው አያውቁም። ጥርጣሬዎ ያረፈበትን አንዱን ነገር ብቻ ያስተካክሉ፤ በደብተርዎ ይጻፉና ከ5 እስከ 7 ቀን ይታገሡ። ተባይና መበስበስ ብቻ ወዲያውኑ እርምጃ ይፈልጋሉ።

ሲጠብቁ የሚያዩት አዲሱን ቅጠል ነው። የተቃጠለ ወይም የተቀደደ ቅጠል ተመልሶ አይድንም፤ አረንጓዴ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ሌላ መድኃኒት ይደራርባል። ጫፍ ላይ የወጣው ለጋ ቅጠል ንጹሕና ቀጥ ያለ ከሆነ ሕክምናው ሠርቷል። የተጎዳውን ቅጠል ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ከሆነ አይቁረጡት፤ አሁንም ምግብ ያበስላል።

ማስጠንቀቂያ

- አረም ማጥፊያ የነካውን መርጫ ለችግኝ አይጠቀሙ። ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የተባለው አረም ማጥፊያ ለስንዴና ለጤፍ ማሳ የሚረጭ ነው፤ በመርጫው ውስጥ የቀረች ትንሽ ቅሪት ቃሪያና ቲማቲምን ታጣምማለች። ቅጠሉ እንደ ማሰሪያ ጠብቦ፣ ግንዱ ተጠማዞ ካዩ ይህን ያስታውሱ።
- የማሳ ፀረ ተባይ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ አይርጩ። ያለ ጽሑፍ በፌስታል የሚሸጠውንማ ቤትዎ አያስገቡ።
- በረኪናን ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

የቡና አተላ ኩባያው ላይ መድፋት ቀዳሚው ነው። ያልበሰበሰ አተላ ይሻግታል፣ ላዩን እንደ ክዳን ይዘጋል፣ የለጋ ችግኝ እድገትም ይገታል፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። አመድም እንዲሁ፤ የአፈሩን ጨዋማነትና ኮምጣጣነት አዛብቶ ብረት ያስቀራል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በፈሳሽ ሳሙና ፋንታ የሚጠቀሙ አሉ፤ ቅጠሉን ያቃጥላል። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ማሰሮ መትከልም ያው የውሃ ችግር ነው፦ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ሳይደርቅ ይከርማል።

ከ10 ቀን በኋላ አዲስ ቅጠል ካልወጣና ሥሩም ቡናማ ከሆነ አዲስ ዘር ይዝሩ። የቃሪያ ዘር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከ8 እስከ 14 ቀን ይበቅላል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ሦስት ሳምንትም ሊቆይ ስለሚችል አፈሩን እየቆፈሩ አይፈልጉት። ኩባያውን ግን አስቀድመው ይብሱት።